ለእንግዳ የተመረጠው ጭቃ

— ሄሎ... ሄሎ፣ ማን ልበል?... አዎ፣ መምህርት ዳርሊ ነኝ። ሌይነር? የት ሆነህ ነው፣ ነፋስ ብቻ ነው የሚሰማኝ... ጀልባ ማቆሚያው ላይ። እሺ፣ እዚያው ቁም፣ እንዳትንቀሳቀስ። ኔትወርክ ያለው እዚያ ብቻ ነው። የተወለድኩበት መንደር አይደል፣ አውቀዋለሁ።

— ‹‹አገኘሁት›› አልክ? ምኑን?

— የሁለቱን ጫካ ልዩነት... ቆይ፣ ትናንት ቁጥራቸውን በቲ-ቴስት አነጻጽረህ ልዩነት የለም አላልከኝም?... ብለኸኛል። ቁጥሮችህ ጭቃው ላይ ከምትጥላቸው የእንጨት ካሬዎች አንዱ ውስጥ ተቆልለው ሌላው ውስጥ ስለሌሉ ለቲ-ቴስት አይሆኑም፣ ማን-ዊትኒ የሚባለውን ሌላ ቴስት ሞክር አልኩህ... እሱም የለም አለህ። ታዲያ ዛሬ ከየት መጣ? ባሕር ተፋው?

— በጥንድ ቴስት... ሌይነር፣ ጥንድ የሚባለው አንዱን ቦታ ሁለት ጊዜ ስትቆጥር ነው። ከዝናቡ በፊትና በኋላ፣ እንበል። አንተ የቆጠርከው ባሕሩ ጭቃ ላይ የበቀለ ሁለት የተለያየ የማንግሮቭ ጫካ ነው። አንዱን ሴቶቹ ዘግተውት ዓመት ሙሉ አልነኩትም፤ ሌላው ላይ በየቀኑ ጭቃ እየማሱ የሚበላውን ዛጎል፣ ፒያንጓን፣ ይለቅማሉ። የዚህን ካሬ ለዚያኛው ካሬ ማን ዳረለት?

— የሁለቱንም ቁጥር ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረህ... አጋባሃቸው። ኑቢያ፣ እባክሽ አጠገብሽ ያለውን ማራገቢያ አጥፊልኝ፣ የምሰማውን እርግጠኛ መሆን አለብኝ... አዎ፣ ሰምቻለሁ። በትክክል ነው የሰማሁት።

— አይ፣ አትቀጥል። ቴስት እኮ ልብስ አይደለም፣ እስኪያምርብህ ድረስ እየለካህ የምታወልቀው። መጀመሪያ ጥያቄህ፣ ከዚያ አቆጣጠርህ። ቴስቱን የሚመርጡልህ እነሱ ናቸው። ውጤቱን አይተህ አይደለም ወደ ቴስቱ የምትሄደው። ይሄንን ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩልህ?

— ለምን አደረግከው ግን?... ንገረኝ።

— ለእኔ ብለህ...

— ጫካውን ዝጉት ብዬ የለመንኳቸው እኔ ስለሆንኩ፣ ነገ ስብሰባው ላይ እንዳላፍር። እሺ። አመሰግናለሁ እንድልህ ትጠብቃለህ?... ልጄ፣ እነዚያ ሴቶች ነገ የሚወስኑት በአንተ ቁጥር ነው። ፒያንጓው አልጨመረም ካልካቸው ይከፍቱታል፤ ከከፈቱት ደግሞ ሳምንት ሳይሞላ ይራቆታል። ውሸት ተናግረህ ጨምሯል ብትላቸው ደግሞ ሌላ ዓመት ሙሉ የሌለ ነገር ሲጠብቁ ሊከርሙ ነው? እናቴ አንዷ ናት። ያ ክፍቱ ጫካ ሩቅ ነው፤ በዚያ በታመመ ወገቧ እየቀዘፈች ትሄድና ግማሽ ባልዲ ይዛ ትመለሳለች።

— ቆይ ቆይ... እሱ ነው የሚገርመኝ። ግማሽ ባልዲ የሚገኝበት ጫካ እንዴት ካልተነካው እኩል ይሆናል? ያን የእንጨት ካሬህን የት የት ነው የጣልከው?... በተዘጋው፣ ካርታው ላይ በወጣው ዕጣ። ጎሽ። በክፍቱስ?... አትንተባተብ።

— ዕጣ አውጥተህ ነበር። ከዚያስ?... ሴቶቹ ወሰዱህ። የቷ ናት የወሰደችህ?

— ዶኛ ቶማሳ... ኑቢያ፣ እናቴ ናት አለ። የገዛ እናቴ።

— ‹‹እዚያ ምንም የለም፣ ና›› ብላ ክንድህን ይዛ... ወደ ትልቁ ዛፍ ሥር፣ ጥቁሩ ጭቃ ወዳለበት። አውቀዋለሁ። እኔን ልጇን እንኳ እዚያ አስለቅማኝ አታውቅም፣ ለእንግዳ ነው የሚቀመጠው። እና ሁሉንም ካሬ እዚያ ቆጠርክ?... እምቢ ማለት ነውር ሆነብህ።

— ነውርማ ነው፣ መች አጣሁት። ግን በቃ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ማን-ዊትኒ ምን በወጣው? አንዱን በዕጣ፣ አንዱን በግብዣ ቆጥረህ የትኛው ቴስት ያስታርቅልህ?... አይ፣ አታልቅስ። እናቴ አጠገብህ ናት?... ስጣት።

— እማዬ... ደህና ነኝ። በልቻለሁ... በልቻለሁ አልኩሽ። ይሄን ልጅ የት ነው ያስቆጠርሽው?... ጥሩው ቦታ። እኮ ለምን?... እንግዳ ባዶ እጁን አይመለስም። እማዬ፣ ሊለቅም አይደለም የመጣው፣ ሊቆጥር ነው... መልቀምና መቁጠር አንድ አይደለም። አየሽ፣ ጥሩውን ብቻ ስታሳዪው ወረቀቱ ላይ ክፍቱ ጫካ ጠግቦ አደረ። ክፍቱ ከጠገበ ደግሞ መዝጋቱ ምን ጠቀመ? ያንን ሁሉ ሩቅ መቅዘፍሽን ማን ያምንልሻል?



— ‹‹የእኛ ጭቃ ባዶ ነው ተብሎ ከተማ ድረስ ይጻፍ?››... አፍረሽ ነው። ገባኝ። እኔም አፍሬያለሁ፣ ተናድጄማለሁ። ለስብሰባው እስከ እሑድ ጠብቁ በያቸው፣ እኔው መጥቼ ፊታቸው ቆሜ እናገራለሁ... ይስደቡኝ፣ ምን አደርጋለሁ።

— አንቺ ግን ነገ ባሕሩ ሲሸሽ ዕጣው የወጣበት ቦታ ውሰጂው። ዕጣው የዛፍ ሥር ለሥር ቢያስገባችሁም ግቡ። ይቆፍር። ካገኘ ያገኘውን፣ ካላገኘ ምንም ብሎ ይጻፍ... አዎ፣ ባዶውም ይቆጠራል። እማዬ፣ እንዲያውም የሚመሰክርልሽ ባዶው ነው...

— እሺ ካልሽኝ ይበቃኛል... ከቆጠራው በኋላ ግን ምን?... ጥቁሩ ጭቃ ወስደሽ አንድ ባልዲ ልታስለቅሚው።

— ውሰጂው። ምን እላለሁ፣ ውሰጂው። ካሬው ግን ጀልባው ላይ ይቅር፣ እዚያ እንዳይቆጥር... ካሬው አልኩሽ... ሄሎ? እማዬ?... ሄሎ...

— ተቋረጠ፣ ኑቢያ። ማራገቢያውን አብሪው።