ፕሮግራሙ ያላየው ፎቶ

በኮሮናው ጊዜ ከሻርጃ ወደ ዱባይ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ በመሃላቸው አንድ ወንበር ባዶ ትተው የተቀመጡ ሁለት አበሾች ሲያወሩ ሰማሁ። ወንዱ ኡድ ሜታ ፎቶ ቤት ይሠራል፤ ሴቲቱ አል ሪጋ ባለ ሆቴል ኮምፒውተር ትጠግናለች።

«የፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም የቢሮውን ኔትወርክ ድራይቭ አላይ አለኝ። ፎቶው ያለው ደግሞ እዚያ ብቻ ነው።»

«ድራይቩ ራሱ ይከፈታል?»

«እሱማ ይከፈታል። ፕሮግራሙ ውስጥ ስገባ ነው የሚጠፋው።»

«ፕሮግራሙን በአድሚን ፈቃድ ነው የምትከፍተው?»

«አዎ።»

«ሙሽኪላው እሱ ነው፣ ድራይቩን የሚደብቅብህ። ዝጋውና ያለ አድሚን ክፈተው፣ ይታይሃል። ከቸኮልክም ፎቶውን ዴስክቶፕ ላይ ኮፒ አድርገው።»

«ዛሬ መድረስ አለበት።»

«የደንበኛ ነው?»

«አይ፣ የአንዲት እህታችን ነው። ቸርች ስትዘምር እኔ ነኝ ያነሳኋት።»

«ምኑን ልታስተካክል ነው?»

«ማስክ ላደርግላት። ሰሞኑን የተነሳችው እንዲመስል።»

«ለምን ራሷ አትነሳም?»

«ባለፈው ሳምንት በኮሮና አረፈች።»

«ውይ፣ ጌታ ሆይ!»

«እናቷ አልተረዱም። ወንድሟ ከክፍለ ሀገር ገብቶ እስኪያረዳቸው ድረስ ነው። ስልክ አላነሳ ስትላቸው ‹ፎቶዋን እንኳ ላኩልኝ› እያሉ ያለቅሳሉ። እሱ ነው የለመነኝ።»

«እጅህ እሺ ይልሃል?»

«እውነቱን ልንገርሽ? ፕሮግራሙ እምቢ ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ምነው ባልነገርኩህ።»

ማስኬን ዝቅ አድርጌ ፊቴን በስልኬ አነሳሁና ለእናቴ ላክኩላት።