ለሚስቱ ሞጁል ያነብ የነበረው አናጢ

ከቴፒ ወደ ሚዛን በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት አስተማሪ ስልኳን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ስታማርር፣ አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ ጠየቋት።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ኔትወርክ ጠፋብኝ አባባ። ዲግሪዬን በርቀት ነው የምማረው፤ ትምህርቱ የሚላክልን በኢንተርኔት ነው።»

«ባለቤቴም አስተማሪ ነበረች፤ እንዳንቺው በርቀት ነው የተማረችው። ያኔ ሞጁሉ የሚመጣው በአውቶቡስ ነበር። ዝናብ እንዳያበሰብሰው በላስቲክ ጠቅልዬ ከመናኸሪያ አመጣላታለሁ።»

«አይ ጊዜ!»

«ልጅ ስታጠባ ደግሞ አነብላታለሁ።»

«እርስዎም አስተማሪ ነበሩ?»

«ኧረ እኔ አናጢ ነኝ! የተማርኩት እስከ ስምንት ነው። እንግሊዝኛውን ስሳሳት ሆዷን ይዛ ትስቅና ታርመኛለች።»

«ባለቤትዎ ተመረቁ?»

«እንዴታ! የተመረቀች ቀን ቆቡን አውልቃ እኔ ራስ ላይ ደፋችው። ‹ግማሹን የተማርከው አንተ ነህ› አለችኝ።»

«አሁን የት ናቸው?»

«አረፈች። ሦስት ዓመቷ።»

«ነፍሳቸውን ይማር።»

«አሜን። ሞጁሎቿ ግን ቤት አሉ። አንዳንዴ አውጥቼ አነባለሁ፤ ስሳሳት የሚያርመኝ ነው ያጣሁት።»

ልጅቷ ስልኳን ሰጠቻቸው።

«ያለፈውን ሳምንት ትምህርት አውርጄዋለሁ። ሚዛን እስክንገባ ያንብቡልኝ፤ እኔ አርምዎታለሁ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉና እንግሊዝኛውን ቀስ እያሉ ማንበብ ጀመሩ።

መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩት።