የእትዬ ፔታ ዜና ሕይወት፣ ከነቧንቧቸው

እነዚህን ቀናት ሁሉ አብራችሁን የጸለያችሁ የቤቲስ ሰዎች ሆይ፣ ሣጥኑ ከመከደኑ በፊት እኔ ልጃቸው ጄናሊን የእናታችንን ሕይወት ላነብላችሁ ቆሜአለሁ።

ወይዘሮ ፔርፔቱዋ ላክሳማና፣ እናንተ እትዬ ፔታ የምትሏቸው፣ ከአባታቸው ከወንበር ጠራቢው ከቴዎፊሎና ከእናታቸው ከብሪሂዳ በ1966 እ.ኤ.አ. እዚሁ ቤቲስ ተወለዱ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው፣ ታናናሾቻቸውን የሚያበላ ሰው ስለጠፋ ደብተሩን አስቀምጠው፣ በአሥራ አራት ዓመታቸው አቶ ሩፊኖ ዘንድ፣ ወንበርና የቅዱሳን ምስል ከሚሠራበት ቤት ገቡ፤ እኛ ጋ መሮው የወንድ፣ ብርጭቆ ወረቀቱ የሴት ነውና ወንዶች የቀረጹትን ሲያለሰልሱ ኖሩ።

ያን ጊዜ ድሪል ላይ የሚገጠመው ክብ ብርጭቆ ወረቀት ትልቁ ብቻ ነበር የሚገኘው፤ ትልቁ ደግሞ የመልአክ ክንፍ ሥር፣ የወንበር እግር ጥምዝ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ ሴቶቹ ያን ሁሉ በጣታቸው ጫፍ እያሹ ጥፍራቸው ያልቅ ነበር። እናታችን ግን ከቆሻሻ ክምር ላይ የተጣለ የብረት ቧንቧ አንሥተው፣ አሥራ አንድ ቀን በምሳ ሰዓታቸው አፉን ዙሪያውን እየሞረዱ እንደ ምላጭ አሳሉት፣ ከላዩም መዶሻ የሚያርፍበት ወፍራም ብረት አስበየዱበት። መሐሉ ተበጥሶ ከሚጣለው የማሽን ብርጭቆ ወረቀት ደህና ደህናውን ጠርዝ ቆርጠው፣ የሁመር ዛፍ ግንድ ጉማጅ ላይ ዘርግተው መቱት። መጀመሪያ አሸዋማውን ፊት ወደ ላይ አድርገውት ኖሮ ስለቱ በሦስት ምት ዶለዶመ፤ ሴቶቹ ሲስቁባቸው እንደገና ሞረዱና ወረቀቱን ገልብጠው በጀርባው በኩል መቱት። ከመዳፍ የምታንስ ክብ ጠብ አለች፤ ድሪሉ ላይ ስትገጠም ክንፉ ሥር ገባች።

አቶ ሩፊኖ ይህን አይተው «ፔታ፣ ቤቴን ብስኩት መጋገሪያ አደረግሽው እንዴ?» ቢሏቸው፣ «አዎ ጌታዬ፣ አንዱን ይቅመሱልኝ፤ ጥርስዎን ያስተካክልልዎታል» አሏቸው። ወንዶቹ መሮአቸውን ጥለው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ግን ያ ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረው በዚያች ብስኩት ነው።

የጂፕኒ ታክሲ ሾፌሩን አባታችንን ዳማሶን አግብተው ወንድሜን ኖርቤርቶንና እኔን ወለዱ። እኔ ገና ሳልወለድ፣ የእሳተ ገሞራው ጭቃ በጎርፍ በመጣ ዓመት፣ ውሃው ደረጃችን ላይ ሲደርስ፣ አባታችን የልብስ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ፣ እናታችን ወንድሜን በጀርባቸው፣ ቧንቧውን በእጃቸው ይዘው ጣሪያ ላይ ወጡ። «ምነው ድስት እንኳ ብታወጪ!» ቢላቸው፣ «ድስቱን የሚያመጣው ይሄ ነው» አሉት፤ እውነትም አመጣው።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሳል ጸናባቸው። ሐኪሙ አቧራ ነው አለ፤ አቶ ሩፊኖ እርጅና ነው አሉ። በመጨረሻው ወር አልጋቸው ላይ ሆነው፣ እጄን ከሞረዱ ጋር ይዘው፣ ስለቱ እንዴት እንደሚወጣ አስተማሩኝ፤ ባለፈው ሰኞም በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ።

ማክሰኞ ዕለት፣ ሣጥኑ ሳሎናችን በገባ ማግስት፣ አቶ ሩፊኖ ሰው ልከው «ቧንቧው ከግቢዬ የተነሣ ነውና ይመለስ» አሉ። አክስቴም ከመጣላት ብለው «ከሣጥኑ ይግባና ነገሩ ይብረድ» አሉኝ። እናታችን ግን ይህን አስቀድመው ያወቁ ይመስል «ከኔ ጋር ቢቀበር ዝገቱን ማን ሊሞርድልኝ ነው?» ብለውኝ ነበር። አቶ ሩፊኖ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋልና እዚሁ በፊታቸው እናገራለሁ፦ ጌታዬ፣ ብረቱ ከእርስዎ ቆሻሻ ላይ ተነሥቷል፤ ስለቱ ግን ከእናቴ ክንድ የወጣ ነው። አይመለስም። ትንሿን ክብ የፈለገ ደጃችን ይምጣ፤ ከሰኞ ጀምሮ መዶሻ ብትሰሙ እኔ ነኝ። አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ነው የምሠራው፤ ልጄን አቧራው አጠገብ አላደርሳትም፤ በዚህ በኩል እናቴን አልመስልም።

እኛ ጋ ሞት ሌላ ሰው አስከትሎ እንዳይሄድ ከሟች እጅ ያለው መቁጠሪያ ይቆረጣል። ዛሬ ጠዋት መቀስ ሲያመጡልኝ መለስኩት። ስለ ልጄ እየፈራሁ፣ ክሩን ጉማጁ ላይ አጋድሜ ቧንቧውን አሳረፍኩና አንድ ጊዜ መታሁት። ተቆረጠ፤ ሁለተኛ ምት አልፈለገም።

እናታችን ባለቤታቸውን ዳማሶን፣ ከጅዳ በስልክ የሚያየንን ኖርቤርቶን፣ እኔን፣ የአራት ወር የልጅ ልጃቸውን ብሪሂዳን፣ ጥፍራቸው የተረፈላቸውንም ሴቶች ሁሉ ትተው ሄደዋል። ሻካራውን ሲያለሰልሱ የኖሩ ናቸውና እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከለስላሳ ቦታ ያሳርፍልን። እሳቸውን እርሱ ወስዷል፤ ቧንቧው እኛ ጋ ይቆያል። አሜን።