ልብስ ሰፊው ያጎበጣት ልጅ

ልብስ ሰፊውን የሰፈሩ ሰው «እጀ ወርቅ» ይላቸዋል፤ እውነትም ናቸው። የተጣመመ ትከሻ በካፖርት አቃንተው፣ የወጣ ቦርጭ በኮት ደብቀው ሲሸኙ ሠላሳ ዓመታቸው ነው። ያን ዕለት ግን ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ አላቸው፤ ልባቸው ሌላ ቦታ ነበር። ጓደኞቿ «ሸንበቆ» የሚሏት አንድያ ልጃቸው ኮሌጅ ገብታ በሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን እንድትጫወት፣ ትምህርቷንም በነፃ እንድትማር ተመርጣለች። የቀረው የአባት ፊርማ ነው። የኮሌጁ ቢሮ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ እሳቸው ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ «አይሆንም» ብለው ድርቅ ብለዋል። ወረቀቱ መተኮሻው አጠገብ ተቀምጧል።

በዚህ መሐል አንዲት ረጅም ሴት በሩን ጎንበስ ብላ ገባች። የጃኬቷ እጅጌ ብብቱ ሥር ተተርትሯል።

«ጋሼ፣ ይድረሱልኝ፤ ነገ ጨዋታ አለብን።»

«ቁጭ ይበሉ እህቴ፣ ጣሪያዬን ሳይበሱብኝ» አሉ፤ በብስጭታቸውም ቀልድ አያልፋቸውም። «የምን ጨዋታ ነው?»

«ቅርጫት ኳስ። አሥራ ሁለት ዓመት ደሞዝ እየተከፈለኝ ተጫወትኩ፤ አሁን የኮሌጅ ሴቶች አሠለጥናለሁ።»

እጀ ወርቅ መርፌውን አቆሙ። ፈጣሪ ሲያመጣው እንዲህ ነው!

«እንግዲያው እኔንና ልጄን ይዳኙን። ሴት ልጅ በአደባባይ ስትዘል ውላ ምን ታተርፋለች? ጉልበቷ ቢሰበር ማን ይጦራታል? ቁመቷስ ለሁሉ ከታየ በኋላ ማን ያገባታል?»

«የኔ ባል ከትከሻዬ በታች ነው፤ እስካሁን አልከሰሰኝም።»

«ቀልዱን ይተዉት!»

«እሺ ጋሼ፣ በቁም ነገር። እኔን ያሠለጠኑኝ ሴትዮ ኳስ ከመስጠታቸው በፊት ደብተር ይጠይቁ ነበር። ፈተና የወደቀች፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆን፣ ዳር ተቀምጣ ታያለች። ከሁላችን ፈጣኗ ጓደኛችን ጉልበቷን ተጎዳች፤ አልዋሽዎትም፣ ይደርሳል። ኮሌጁ አሳከማት፤ ጨዋታው ቢቀርባትም ትምህርቷን ጨረሰች፣ ዛሬ ድልድይ ታሠራለች። እኔም ለዚህ የበቃሁት በሴትዮዋ ነው። እድሜ ይስጥልኝ ሳልላቸው የምውልበት ቀን የለም።»

እጀ ወርቅ ወረቀቱን አነሱና ሰጧት። «ይህን የላኩት እናንተ ናችሁ እንዴ?»

አየችውና ግንባሯን መታች። «ጉድ! እነዚህማ ተቀናቃኞቻችን ናቸው! ልጅዎን ከላኳት እኮ እኔኑ ነው የምታሸንፈኝ። ለራሴ ባስብ ኖሮ ‹ይተዉት፣ ትቅር› እልዎት ነበር።»

ለገዛ ጥቅሙ የማይከራከር ሰው ምክሩ ይሰማል። እጀ ወርቅም ልባቸው ራራ፤ አፋቸው ግን እሺ ማለት ገና ከብዶታል።

ይሄኔ ሸንበቆ የተተኮሰ ልብስ ታቅፋ ከጓዳ ወጣች፤ ትከሻዋ ወደ ፊት ወድቋል።

«እስቲ ቀና በይ እናቴ» አለቻት አሰልጣኟ።

ልጅቷ ሞከረች፤ ቀሚሱ ደረቷ ላይ ተወጠረና መልሳ ጎበጠች። «ቀና ስል ይይዘኛል።»

የእጀ ወርቅ ፊት አመድ መሰለ። የሠሩትን ያውቃሉ። ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷት ቁመቷ መመዘዝ ሲጀምር፣ ሰው እንዳይስቅባት ብለው የቀሚሶቿን ሁሉ ፊት ከልኩ በሁለት ጣት እያሳጠሩ ሰፉ፤ ጎንበስ ስትል አጠር ትላለች ብለው። ይህን ለእናቷ እንኳ አልተናገሩም።

«ገና ድሮ አውቄዋለሁ አባዬ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «ስፌትህ እንዳይተረተር ብዬ ነው የምጎብጠው።»

የሰው ትከሻ ሲያቃና የኖረ እጅ የገዛ ልጁን አጎበጠ! እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

«ይቅር በይኝ ልጄ። የሸፈንኩሽ መስሎኝ ነው እኮ።»

«በፍቅር ነው ያደረጉት ጋሼ» አለች አሰልጣኟ። «አሁን ደግሞ በፍቅር ይልቀቋት። የኔ አባት ፈረመልኝ፤ ግን አንድ ቀን እንኳ መጥቶ ሳያየኝ አለፈ። እርስዎ ፈርመው እንዳይቀሩ፤ መጥተው ይዩአት።»

ፈረሙ። ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ በረረች፤ ቢሮው ሳይዘጋም ደረሰች። እጀ ወርቅ ጃኬቱን ሰፍተው አሰልጣኟን እስከ መንገዱ ድረስ እየመረቁ ሸኟት።

ከዚያ ወዲህ ዓመት አልሞላም። ሸንበቆ ጠዋት ትሮጣለች፣ ከሰዓት ትማራለች፤ ጉልበት ሳይጎዳ ከዝላይ እንዴት እንደሚወረድ አውቃለች፤ ሰውን ዓይን ዓይኑን እያየች ታወራለች። እጀ ወርቅም ለሴት ልጁ ሊያሰፋ የመጣን ወላጅ ሁሉ «መጀመሪያ ቀጥ ብላ ትቁም፣ ከዚያ እለካለሁ» ይሉታል። ልጅን ከሰው ዓይን መደበቅ መውደድ ይመስላል፤ ነገር ግን ሴት ልጅን በክፉ ቀን የሚያቆማት እውቀቷና ጉልበቷ ነው፤ ጎብጦ ያመለጠ የለም።

የሁለቱ ኮሌጆች ግጥሚያ ቀን እጀ ወርቅ ከሁሉ ቀድመው አዳራሹ ገቡ። አሰልጣኟ ከወዲያ ማዶ እጇን አውለበለበችላቸው። ቡድኑ ሲወጣ ልጃቸው አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብላ መጣች። «ተመስገን!» ብለው ብድግ አሉ። ለካ እሳቸውም ረጅም ሰው ናቸው፤ የስፌት መኪና ላይ ተደፍተው ሲውሉ ማን አይቷቸው!

«አባባ፣ ይቀመጡልን እንጂ! ሜዳውን ከለሉን!» አሏቸው ከኋላ።

«ይቅርታ ልጆቼ» አሉ ሳይዞሩ፣ እንባቸው እየወረደ። «ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጫለሁ፤ ዛሬስ ትንሽ ልቁም።»