ዕረፍት የበዛባት ጄኔሬተር

ሰው የሚወደውን ነገር በመውደዱ ብቻ ይገድለዋል ቢባል ማን ያምናል? የጤና ጣቢያው የጄኔሬተር ሠራተኛ ጋሽ ቆጥቤም አያምኑም ነበር። «ቆጥቤ» ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም እንዳይመስላችሁ፤ የነርሶቹ ሥራ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሞተሯን አስነስተው በየክፍሉ እየዞሩ፣ «ይቺን አጥፉ፣ ያቺን ንቀሉ፣ ትደክምብኛለች!» ሲሉ ዘጠኝ ዓመት ስለኖሩ ስሙ ተለጥፎባቸው ቀረ።

ያን ዕለት ግን ሐሳባቸው ቤት ቀርቶ ነበር። አንዲት ሴት ልጃቸው የጄኔሬተር ጥገና ሥልጠና መግቢያ ፈተና አልፋለች። ምዝገባው በዚያው ዕለት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። እሳቸው ደግሞ «እኔ በቁሜ እያለሁ ልጄ ዘይት ውስጥ አትገባም» ብለው እምቢ ብለዋታል። ጠዋት ቁርሷን ሳትቀምስ፣ እያለቀሰች ነው ከቤት የወጣችው።

ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሲወርድ መብራቱም ሄደ። ጋሽ ቆጥቤ ሞተሯን አስነስተው፣ የተለመደውን ዙራቸውን ጨርሰው ሲመለሱ፣ ከጄኔሬተሯ ቤት ክዳን ሥር አንዲት ወጣት ሴት ተጠልላ አገኙ። የታመመች አክስቷን ጠይቃ ስትወጣ ዝናብ ያገታት ናት። ዓይኗ ግን ዝናቡ ላይ አልነበረም፤ ከጭስ ማውጫው ጫፍ ጠብ ጠብ የሚለውን ጥቁር ቅባት ታያለች።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ? ይሄ መንጠባጠብ ከጀመረ ቆየ?»

«ዓመት አልፎታል። ጥጋብ ነው! በደንብ የተያዘ ነገር ያልበዋል።»

«ጥጋብ እንኳን አይመስለኝም። ምን ያህል የኤሌክትሪክ ጭነት ነው ያለባት?»

ጋሽ ቆጥቤ ቀና ብለው አዩዋት። በሽተኛ ልትጠይቅ መጥታ ስለ ጭነት የምትጠይቅ ሰው ገጥማቸው አታውቅም።

«አንቺ ደግሞ ባለሙያ ነሽ እንዴ?»

«የቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። የማስተምረውም ይሄንኑ ነው፤ የናፍጣ ጄኔሬተር ጥገና።»

እንግዲህ ባላጋራቸው በእግሯ መጣችላቸው! ጋሽ ቆጥቤ ግን ጨዋ ናቸውና መጀመሪያ በርጩማ ሰጧት፤ ጦርነቱን የከፈቱት ከተቀመጠች በኋላ ነው።

«እስቲ ልጠይቅሽ የኔ ልጅ። የሰው ልጅ በዘይት አጨማልቃችሁ ምን ልታተርፉ ነው? እኔ ያለ ምንም ትምህርት ዘጠኝ ዓመት ይዣታለሁ፤ አንድ ቀን አላቆመችም።»

«አለማቆሟ የእርስዎ ትጋት ነው፤ አልክድም። ግን አንድ ቀን በወጉ ሠርታ ታውቃለች?»

«ላሳርፋት ብዬ ነዋ! አምፖሎቹንና የክትባት ማቀዝቀዣውን ብቻ ነው የምተውላት።»

«ጉዱ እሱ ላይ ነው ጋሼ። የናፍጣ ሞተር በቂ ጭነት ካላገኘ በደንብ አይሞቅም። ካልሞቀ ደግሞ ናፍጣውን አቃጥሎ አይጨርስም፤ የተረፈው ውስጥ ውስጡን ይለጠፋል። እርስዎ ላብ ያሉት ይሄ ነው። የቁርጥ ቀን ሲመጣ አቅም ታጣለች።»

«ዕረፍት ይገድላል ነው የምትይኝ? ወይ ዘንድሮ!»

«ሲበዛ ይገድላል። እኔን አይመኑኝ፤ እንሞክራት።»

«ብትሞትብኝስ? ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው የሕፃናት ክትባት ነው እኮ!»

«ልክ ነዎት፤ ስለዚህ በዘፈቀደ አንሞክርም። እኛ የምናስተምረው ድፍረት አይደለም፤ ቅደም ተከተል ነው። ዘይቷን፣ ውሃዋን፣ የማራገቢያዋን ቀበቶ እናያለን። ከዚያ ጭነቱን አንድ በአንድ እንጨምራለን። የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ከልኩ ካለፈ ወዲያው እንቀንሳለን።»

ጋሽ ቆጥቤ ዘይቷንም ውሃዋንም አብረው አይተው ለኃላፊዋ ነርስ ነገሯት። የሕክምና ዕቃ መቀቀያውን እንድታበራ ሲፈቅዱላት ጆሮዋን አላመነችም። «እርስዎ ነዎት ያሉት? አሞዎት እንዳይሆን?» አለቻቸው። ከእሱ ቀጥሎ የልብስ ማጠቢያው፣ ከዚያም የውሃ ፓምፑ ተጨመረ። ያኔ ጭስ ማውጫው ጥቁር ጭሱን ዘረገፈው።

«ገደልሻት!» ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ።

«ይታገሱ፤ የከረመው ነው የሚወጣው። መርፌውን ይዩ፤ ልኩ ላይ ነው።»

አንድ ሰዓት ተኩል አጠገቧ ቆሙ። ጭሱ እየሳሳ ሄዶ በዓይን ለማየት እስኪያስቸግር ደረሰ። ጋሽ ቆጥቤ ጆሯቸውን አዘንብለው ሲያዳምጡ ቆዩና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አዲስ ሆና ስትመጣ ድምጿ እንዲህ ነበር። ስወዳት አነቅኳት ማለት ነው?»

«ባለማወቅ ነው። የዛሬው ብቻ ግን አይበቃትም፤ ማውጫው ይጸዳ፣ በየወሩም እንዲህ ትሥራ። ደግሞ ይሄን ድምፅ በጆሮ መለየትዎ ትልቅ ሙያ ነው፤ እሱን ለተማሪዎቼ ባሳውቃቸው ደስ ይለኝ ነበር።»

ጋሽ ቆጥቤ በርጩማዋን ስበው ተቀመጡ። ነገሩ ከሞተሯ አልፎ ቤታቸው ገብቶ ነበር፤ እሷ ይህን አታውቅም። ቢያፍሩም አልደበቋትም።

«ልጄ እናንተ ጋ ፈተና አልፋ ከልክያታለሁ። እኔ የደከምኩት ይበቃል፣ እሷ ትረፍ ብዬ።»

አስተማሪዋ እጇን ዘረጋችላቸው። ጣቶቿ መሐል የቆየ የዘይት ጥቁረት አለ።

«እኔም እደክማለሁ ጋሼ። ግን ሥራዬን አውቄ ነው የምደክመው፤ የምበላውም ከራሴ እጅ ነው። የሠለጠነ ሰው ብልሽቱን ሳይብስ ይደርስበታል። የሠራውን ጽፎ ስለሚያስቀምጥ እሱ ቢታመም ሌላው አንብቦ ይቀጥላል። እርስዎ ነገ ቢታመሙ ለእነዚያ ሕፃናት ማን ይደርስላቸዋል?»

ይህ ጥያቄ ልባቸውን ነካው። ሰዓቱን አዩ፤ አስር ተኩል ሆኗል። ስልካቸውን መዥረጥ አድርገው ደወሉ።

«ልጄ! አሁኑኑ ሂጂና ተመዝገቢ! ሩጪ፣ ግማሽ ሰዓት ነው የቀረሽ!»

ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አባዬ፣ አትቆጣኝ እሺ? ትናንት ተመዝግቤያለሁ።»

«ምን? ታዲያ ጠዋት ምን አስለቀሰሽ?»

«ሳትመርቀኝ ልጀምር ነው ብዬ ነዋ።»

ጋሽ ቆጥቤ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቁጣው ግን አልመጣላቸውም። ከሞተሯ ድምፅ በላይ እንዲሰማ እየጮሁ፣ እንባቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ፣ «እደጊ! ተመንደጊ! የነካሽው ሁሉ ይነሳልሽ!» አሏት።