የእንግሊዙ ዜሮ እና የአባቴ ጣት

እስቲ ስሙኝና ፍረዱ። ቅዳሜ ግሮቭፖርት ዌርሃውስ ሺፍቴን ጨርሼ ዌስተርቪል ቤቴ ስገባ፣ ኮሌጅ የምትማረው ልጄ ላፕቶፗ ላይ አቀርቅራለች። ማንም ሰው ገብቶ በሚጽፍበት የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ስለ አንድ እንግሊዛዊ የክሪኬት ተጫዋች ትጽፋለች። ሰውየው ከሞተ መቶ ምናምን ዓመት ሆኖታል!

«ታዋቂ ነበር?» አልኳት።

«ኖ፣ ለካውንቲው ቲም አንድ ጌም ብቻ ነው የተጫወተው። በመጀመሪያዋ ኳስ አውት ሆኖ ከሜዳ ወጣ። ነጥቡ ዜሮ።»

ደሜ ፈላ። «አያትሽ እዚህ ሶፋ ላይ ተቀምጦ? ዐሥር ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ስታዲየም በረኛ ሆኖ ኳስ የተጫወተ ሰው ቤትሽ እያለ፣ ዜሮ ላመጣ ፈረንጅ ትጽፊያለሽ?»

«ዳድ፣ ስለ አባባ ጽፌ ነበር! ኢንሳይክሎፒዲያውን የሚቆጣጠሩት ሰዎች ዲሊት አደረጉት። ጋዜጣ ላይ የወጣ ማስረጃ አምጪ አሉኝ።»

«ማስረጃው ሶፋው ላይ ቁጭ ብሏል በያቸው!» ብዬ ጮህኩ። ንዴቴ ከልጄ ወደ እነሱ ዞረ። ፊታቸውን እንኳ አላውቀውም፤ ማንን ልሳደብ?

አባቴ ግን አልተቆጣም። ፍጹም ቅጣት ምት ሲያወጣ ተሰብራ ጠማማ ሆና የቀረችውን ትንሿን ጣቱን ዘረጋና፣ «በይ ይቺን ፎቶ አንሺና ላኪላቸው» አላት።

አንስታ፣ ጽሑፉንም እንደገና ጽፋ ላከች። በማግስቱ ከቸርች ስንመለስ ጠፍቷል። የእንግሊዙ ዜሮ ግን እዚያው አለ፣ ከነልደቱ ከነሞቱ። አባቴ ከሥራ በገባሁ ቁጥር «ጣቴን አዩዋት?» ይለኛል። ምን ብዬ ልንገረው?