የወርቁ ሻምበል

(ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት፣ ቪየና ውስጥ መኪና በማይገባበት ጥንታዊ የገበያ ጎዳና፦ የቀድሞው መርማሪ ሻምበል ዘገየ የወርቅ ቀለም ተቀብቶ፣ ሐውልት መስሎ ሳንቲም ሊለቅም ቆሟል፤ ጎብኚው መምህር ላቀው ትንሿን ጣቱን ጠምዝዞ ይዟል።)

ዘገየ፦ ጣቴን ልቀቅ። ሰው እያየን ነው።

ላቀው፦ ይዩ። አንተ ብቻ አትንቀሳቀስ፤ እንጀራህ ይቋረጣል።

ዘገየ፦ ከሰው ተምታትቼብህ ነው። እኔ አበሻ አይደለሁም።

ላቀው፦ በአማርኛ እኮ ነው የካድከው። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ፤ አንተ ደግሞ ወርቅ ቀቡኝ አልክ። ሻምበል ዘገየ፣ ወንድሜን የት ቀበርከው?

ዘገየ፦ ዝም አይነቅዝም።

ላቀው፦ ያኔ ጥፍራችንን ስትነቅል ግን "ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል" ነበር ተረትህ። ይርዳውን የት ቀበርከው?

ዘገየ፦ እህ... ሰበርከው።

ላቀው፦ ገና ነው። ሲሰበር ድምፁን አውቀዋለሁ፤ አንተው አስተምረኸኛል።

ዘገየ፦ ፖሊስ እጠራለሁ።

ላቀው፦ ጥራ። ጥገኝነት ስትጠይቅ ማን ነኝ ብለህ ነው የተመዘገብከው?

ዘገየ፦ ...የተገረፈ እስረኛ ነኝ ብዬ።

ላቀው፦ እንግዲያው ውሸታም እንዳትባል ላግዝህ።

ዘገየ፦ ወይኔ ጉልበቴ።

ላቀው፦ ቀጥ በል። ስማ፣ እያጨበጨቡልን ነው፤ ትርኢት መስሏቸዋል። እኛን ሌሊቱን ሙሉ በአንድ እግር ስታቆመን ተመልካች አጣን እንጂ፣ ካንተ የተሻልን ሐውልቶች ነበርን።

ዘገየ፦ ያኔ "እርስዎ" ነበር የምትለኝ።

ላቀው፦ ውስጥ እግሬን እየገረፍከኝም "እርስዎ" ብዬሃለሁ፤ አስተዳደግ ክፉ ነው። የት ነው?

ዘገየ፦ ስንቱን ላስታውስ? የወጋ ይረሳል።

ላቀው፦ እናቴ ሬሳ ሳላይ ሞተ አልልም ብላ፣ አሥራ አምስት ዓመት ተዝካሩን አላወጣችለትም። ይመጣል እያለች በሯን ሳትቀረቅር ነው የምትተኛው። አጥንቱ ያለበትን ሳትነግረኝ ይህ ጉሮሮ ከእጄ አይወጣም።

ዘገየ፦ ቆይ... አየር...

ላቀው፦ የት?

ዘገየ፦ አንተስ... የት የት ፈለግከው?

ላቀው፦ ያልቆፈርኩበት የለም። የወህኒ ቤቱን ግቢ፣ የወንዙን ዳር፣ አጥንት ወጣ በተባለበት ሁሉ አካፋ ይዤ ሮጫለሁ።

ዘገየ፦ የአክስትህን ጓሮስ?

ላቀው፦ የአክስቴን ጓሮ?

ዘገየ፦ ምነው እጅህን አላላህ? ያዘኝ እንጂ።

ላቀው፦ ከዚያማ ወሰዳችሁት። አይደል? ወስዳችሁት ነበር።

ዘገየ፦ ምን ደክሞን ልንወስደው? ጉድጓዱን እሱ ቆፍሮ ተደብቆበታል፣ አንተ በሦስተኛው ጅራፍ ጠቁመኸናል፤ እኛ አፈሩን መለስንበት እንጂ ምን አደረግን?